የክፍለ ግዛት ተወዳዳሪ ስለ ኢሚግሬሽን ቃል ሲገባ የቱን ማመን ይገባል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ እንጂ ዜግነት ገና አልጠየቅሁም። በእምነት፣ በቤተሰብና በግብር ጉዳይ ሐሳቤ ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ይገጥማል። ነገር ግን አንዱ ወዳጄ ‹እነሱ ስደተኛ የሚባል ማየት አይፈልጉም› ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ‹የሚቃወሙት በሕገ ወጥ መንገድ የገባውን ብቻ ነው፣ አንተን አይመለከትም› ይለኛል። ለገዥነት የሚወዳደሩት ሁሉ ኢሚግሬሽንን እናስተካክላለን ይላሉ። ይህን የሚወስነው ገዥው ነው ወይስ ዋሽንግተን? ማሻሻያ ቢጸድቅስ አዲስ አበባ ያለውን ወንድሜን ለማምጣት ይቀለኛል? በሚቀጥለው ምርጫ ድምፄን ለማን ብሰጥ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ከጥያቄው መጨረሻ እጀምራለሁ፤ እዚያ ላይ የሚሠራ ስሕተት ከሌላው ሁሉ የከፋ ዋጋ ያስከፍላልና። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በቴክሳስ በሚካሄድ በማናቸውም ምርጫ፣ የፕሬዚዳንትም ይሁን የገዥ፣ የሸሪፍም ይሁን የትምህርት ቤት ቦርድ፣ ድምፅ መስጠት አይችልም። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌደራል ምርጫ ድምፅ መስጠቱ በ1996 በወጣ ሕግ ወንጀል ሆኗል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከድምፅ መስጠቱም በፊት፣ በመራጭነት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ማድረግ ብቻውን ከአገር ሊያስባርርና የዜግነትን በር ሊዘጋ ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው በምርጫ ጣቢያ ሳይሆን መንጃ ፈቃድ በሚታደስበት መስኮት ላይ ነው። ሠራተኛዋ በመደዳ ከምታቀርባቸው ጥያቄዎች አንዱ «በመራጭነት መመዝገብ ይፈልጋሉ?» የሚል ነው፤ ለሁሉም «አዎን» እያለ የሚያልፍ ሰው መዘዙን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ በዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። እንግሊዝኛው አልገባኝም ነበር ማለት ደግሞ እምብዛም አያድንም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ሁለቱም ወዳጆችዎ ተሳስተዋል። ወግ አጥባቂው ወገን በኢሚግሬሽን ላይ አንድ አቋም ኖሮት አያውቅም። በአንድ ጣሪያ ሥር ቢያንስ ሦስት የማይስማሙ ቡድኖች አብረው ይኖራሉ። አንዱ የነጋዴውና የገበሬው ወገን ሲሆን ሠራተኛ በሕጋዊ መንገድ እንዲገባለት ይፈልጋል፤ ጠንካራ የድንበር ቁጥጥርን ባይቃወምም በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የሚደረግን ቁጥጥር ግን አይወድም። ሁለተኛው የሃይማኖቱ ወገን ነው፤ ሕግ ይከበር እያለ፣ ቤተሰብ እንዳይበተንና ስደተኛ እንዲጠለል ይሟገታል። ሦስተኛው የሕግ ማስከበር ወገን የሚባለው ነው፤ የዚህ ወገን አንድ ክፍል ሕገ ወጡን ብቻ ሲቃወም ሌላው ክፍል ሕጋዊው ፍልሰት ራሱ በዝቷል፣ ደመወዝ ያወርዳል፣ የአገሪቱን ባሕል ይለውጣል ብሎ ያምናል። ዛሬ በሪፐብሊካን ፓርቲ ውስጥ ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ይህ ሦስተኛው ነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም።

በኅዳር 1986 ሮናልድ ሬገን የፈረሙት ሕግ ወረቀት ላልነበራቸው 2.7 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ሕጋዊ መኖሪያ አስገኝቷል። በምትኩ ወረቀት የሌለውን ሰው የቀጠረ አሠሪ ይቀጣል ተባለ፤ ሰዎቹ ወረቀታቸውን ሲያገኙ ቅጣቱ ግን በተግባር ላላ። የዛሬዎቹ ወግ አጥባቂዎች «በመጀመሪያ ድንበሩ ይዘጋ፣ ሌላው በኋላ» የሚሉት ከዚያ ትዝታ ተነሥተው ነው፤ ይህን ጥርጣሬ ሳይረዱ ከእነርሱ ጋር መወያየት ትርፉ ድካም ነው። ጆርጅ ቡሽ በ2007 የደገፉት ሰፊ ረቂቅ በሴኔት የከሸፈው ከራሳቸው ፓርቲ በመጣ ተቃውሞ ጭምር ነው። በ2013 ሴኔቱ 14 ሪፐብሊካኖች ባሉበት በ68 ለ32 ድምፅ ያሳለፈውን ረቂቅ የተወካዮች ምክር ቤት ለድምፅ እንኳ አላቀረበውም። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ በምክር ቤቱ የሪፐብሊካኖች ሁለተኛ ሰው የነበሩት ኤሪክ ካንተር፣ በቨርጂኒያ፣ ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ ብዙም በማይታወቅ የኮሌጅ መምህር ተሸነፉ። ተፎካካሪያቸው ደጋግሞ ያነሣው ነገር ለኢሚግሬሽን ማሻሻያ ላልተዋል የሚል ክስ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሪፐብሊካን የምክር ቤት አባል ጠቅላላውን ምርጫ ሳይሆን የቅድመ ምርጫውን ቀን እየፈራ ይኖራል። በ2024 መጀመሪያ የኦክላሆማው ሴናተር ጄምስ ላንክፎርድ የተደራደሩበት፣ በአመዛኙ ቁጥጥርን የሚያጠብቅ ረቂቅ እንኳ በዚህ ፍርሃት መሐል ወድቋል።

ስለዚህ «ማሻሻያ ቢጸድቅ ወንድሜን ማምጣት ይቀለኛል?» ለሚለው ቀጥተኛው መልስ፣ የቱ ማሻሻያ? የሚል ነው። ሴናተሮች ቶም ኮተንና ዴቪድ ፐርዱ በ2017 ያቀረቡት፣ ኋይት ሐውስም የደገፈው ረቂቅ ዲቪን ጨርሶ የሚያስቀር፣ የእኅትና የወንድም ምድብን የሚሰርዝ፣ በምትኩም በትምህርት፣ በዕድሜና በእንግሊዝኛ ችሎታ ነጥብ የሚሰጥ ነበር። በየካቲት 2018 ተቀራራቢ ሐሳብ የያዘ ረቂቅ ሴኔት ውስጥ በ39 ለ60 ወደቀ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። እንግዲህ «አንተን አይመለከትም» ያለዎት ወዳጅዎ ይህን ይስማ፦ እርስዎ የገቡበት በርና ወንድምዎን ሊያስገቡበት የሚያስቡት በር ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ከሚዘጉት ዝርዝር ውስጥ ነበሩ።

ማሻሻያ ባይኖርም ቢሆን፣ በአሁኑ ሕግ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ለወንድሙ ማመልከት አይችልም። ይህ መብት ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላው ዜጋ ብቻ የተሰጠ ነው። ለዚህ ምድብ በዓመት ለዓለም ሁሉ የተመደበው 65,000 ቪዛ ሲሆን የወንድም ባለቤትና ልጆችም ከዚያው ቁጥር ላይ ይቆጠራሉ፤ ወረፋው ከአሥር ዓመት በላይ ነው። ዜግነቱን እያዘገዩ የማሻሻያ ሕግ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ወረፋው ያለ እርስዎ እየሄደ ነው። ዲቪን በተመለከተ፣ የ1990ው ሕግ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ የመደበለት በመሆኑ ጨርሶ ሊሽረው የሚችለው ኮንግረስ ነው። ሆኖም ፕሬዚዳንት በዐዋጅ ሊያግደው እንደሚችል በሚያዝያ 2020 ታይቷል፤ ዕጣ ወጥቶላቸው ቃለ መጠይቅ ይጠብቁ የነበሩ ብዙዎች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ዓመቱ አልፎባቸው ቀርተዋል።

አሁን ወደ ገዥው። ክፍለ ግዛት ቪዛ አይሰጥም፣ ግሪን ካርድ አይነጥቅም፣ ጥገኝነት አይፈቅድም፣ አይከለክልም። ይህ ሥልጣን የፌደራሉ መንግሥት ስለመሆኑ በተግባር የተፈተነው በአሪዞና ነው። አሪዞና በ2010 ያወጣችው ሕግ ወረቀት አለመያዝን የክፍለ ግዛት ወንጀል አደረገ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ክርክር ከተነሣባቸው አራት አንቀጾች ሦስቱን ሻረ። ፍርዱን የጻፉት በሬገን የተሾሙት አንቶኒ ኬኔዲ ነበሩ፤ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስም ከእርሳቸው ጋር ቆሙ። ወግ አጥባቂው ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ግን ክፍለ ግዛት ሉዓላዊ ከሆነ ድንበሩን የመጠበቅ መብት አለው ብለው ተለዩ። የቴክሳስ ሪፐብሊካኖች ዛሬም የሚከራከሩት በስካሊያ መንገድ ነው። ገዥ ግሬግ አቦት በታኅሣሥ 2023 የፈረሙት ሕግ ከሜክሲኮ በሕጋዊ መግቢያ በኩል ሳይሆን የገባን ሰው በክፍለ ግዛት ወንጀል እስከ 180 ቀን ያስራል፤ የክፍለ ግዛቱ ዳኛም ወደ ሜክሲኮ እንዲመለስ ማዘዝ ይችላል። ሕጉ ከመጀመሪያው አንሥቶ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ወድቋል። በጥር 2024 የቴክሳስ ወታደሮች በኢግል ፓስ የሚገኘውን መናፈሻ ይዘው የፌደራል ድንበር ጠባቂዎችን ሲከለክሉ፣ ከሌሎቹ 26 ሪፐብሊካን ገዥዎች 25ቱ ለአቦት ድጋፋቸውን በጋራ ገልጸዋል። የቀሩት የቨርሞንቱ ፊል ስኮት ብቻ ናቸው። ከዚህ የሚታየው የፓርቲው ጉልበት ነው፤ ሥልጣኑ ግን አሁንም የፌደራሉ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት መጋጨት አለ። አንዳንድ ከተሞች ከአይስ (ከፌደራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት) ጋር አንተባበርም ለማለት የሚጠቅሱት የሕግ መሠረት የወግ አጥባቂዎች የራሳቸው ሥራ ነው። በ1997 የሞንታናና የአሪዞና ሸሪፎች የፌደራል የጦር መሣሪያ ሕግ ለማስፈጸም አንገደድም ብለው ሲከሱ፣ ዋሽንግተን የክፍለ ግዛትን ባለሥልጣን እንደ ራሷ ሠራተኛ ማዘዝ አትችልም የሚለውን ፍርድ የጻፉት እነዚያው ስካሊያ ናቸው። ያን ጊዜ በጦር መሣሪያ ጉዳይ የተገኘው ድል ዛሬ ለቺካጎና ለሎስ አንጀለስ ጋሻ ሆኗል። በቴክሳስ የተገኘው መውጫ ሌላ ነው፤ ክፍለ ግዛቱ በራሱ ከተሞችና ሸሪፎች ላይ ያለው ሥልጣን ሙሉ ነውና በ2017 ከአይስ ጋር መተባበርን የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። «መንግሥት ለሕዝቡ ቅርብ በሆነ መጠን ይሻላል» የሚለው ነባር የወግ አጥባቂዎች መርሕ በዚህ ጉዳይ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ቆሟል። ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። የተወዳዳሪው መርሕና የሚደግፈው ሕግ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ለማሳየት ነው።

ክፍለ ግዛቱ የስደተኛውን ሕይወት በእርግጥ የሚነካው ከድንበሩ ይልቅ በእስር ቤቱ በኩል ነው። አንድ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠጥቶ ሲነዳ ተያዘ እንበል። ካውንቲው እስር ቤት ሲገባ አሻራው ይነሣል፤ አሻራው ከኤፍ ቢ አይ በኩል ወደ አገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ይተላለፋል። አይስ ከፈለገው፣ ዋስ ከጠራ በኋላም እስከ 48 ሰዓት አቆዩልኝ የሚል ወረቀት ይልካል። በሌላ ክፍለ ግዛት ያለ ሸሪፍ ይህን ጥያቄ ላይቀበል ይችላል፤ የቴክሳስ ሸሪፍ ግን እንዲቀበል በሕግ ይገደዳል። በ2025 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ እስር ቤት የሚያስተዳድሩ ሸሪፎች ከአይስ ጋር የትብብር ስምምነት እንዲገቡ ያዝዛል። ግሪን ካርድ ከዚህ አያስጥልም፤ የአደንዛዥ ዕፅ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ የስርቆትና የመሳሰሉት አንዳንድ ወንጀሎች በጥፋተኝነት ከተደመደሙ ለመባረር ምክንያት ይሆናሉ። ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ ቀለል ባለ ክስ ጥፋተኛ ነኝ ማለት በወንጀል ጠበቃ ዓይን መልካም ውጤት ሲሆን፣ በኢሚግሬሽን ሕግ ዓይን ግን መጥፊያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ክፍለ ግዛቱ ስደተኛውን የሚነካበት ሁለተኛው መንገድ በሥራ በኩል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ክፍለ ግዛቶች አሠሪዎች ኢ-ቬሪፋይ በተባለው ሥርዓት የሠራተኛን ወረቀት እንዲያጣሩ ማስገደድ እንደሚችሉ ወስኗል። አሪዞናና አላባማ ይህን በአሠሪዎች ሁሉ ላይ ግዴታ አድርገዋል፤ ፍሎሪዳም በ2023 ባወጣችው ሕግ 25ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች አስገድዳለች። በድንበር ጉዳይ ከሁሉ ጠንክራ የምትናገረው ቴክሳስ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና ተቋራጮቻቸውን ብታስገድድም የግሉን አሠሪ በጠቅላላ እንዲህ ያለ ግዴታ ሳትጥልበት ኖራለች። ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ የግንባታውና የእርሻው ባለሀብት ለዘመቻ ገንዘብ የሚሰጠውም እርሱ ነው። ጆርጂያ በ2011 ጠንካራ ሕግ ባወጣች ማግሥት አዝመራ ሰብሳቢ ጠፍቶ ገዥው ናታን ዲል በአመክሮ ላይ ያሉ ወንጀለኞች በእርሻ እንዲሠሩ ሐሳብ እስከ ማቅረብ መድረሳቸውን ቴክሳሶች አልረሱትም። ስለ ድንበር ግንብ የሚናገር ተወዳዳሪ ሲያገኙ ስለ ኢ-ቬሪፋይ ጠይቁት። የሚሰጠው መልስ ከሦስቱ ቡድኖች የትኛው ውስጥ እንዳለ ይነግርዎታል።

የኮሌጅ ክፍያውን ጉዳይ ባጭሩ ልንካው። ቴክሳስ በ2001 በአገሪቱ ፊተኛ ሆና ወረቀት የሌላቸው ነገር ግን እዚያው ያደጉ ተማሪዎች እንደ ነዋሪ ዝቅ ያለውን የኮሌጅ ክፍያ እንዲከፍሉ ፈቀደች፤ የፈረሙት ሪክ ፔሪ ነበሩ። ፔሪ በ2011 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ይህንኑ መከላከላቸው በሪፐብሊካን መራጮች ዘንድ ጎድቷቸዋል። በሰኔ 2025 የፌደራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ሕጉን ሲከስ የቴክሳስ ዋና ዐቃቤ ሕግ በዚያው ቀን ተስማማ፣ ዳኛውም ሻረው። ሃያ አራት ዓመት የቆየ ሕግ፣ ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሰጥበት፣ በአንድ ቀን ውሎ ቀረ።

ከቴክሳስ ወጣ ብሎ ዩታን የተመለከተ ሰው፣ ወግ አጥባቂነት የግድ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደማይወስድ ይረዳል። ዩታ ሪፐብሊካኖች ለአሥርት ዓመታት ያስተዳደሯት ናት። በ2010 የንግድ፣ የሃይማኖትና የፖለቲካ ሰዎች በፈረሙት የጋራ ሰነድ ኢሚግሬሽን የፌደራል ጉዳይ መሆኑን፣ ቤተሰብ እንዳይለያይና ፖሊስ በወንጀል ላይ እንዲያተኩር አስታውቀዋል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2019 ክፍለ ግዛቶች በጽሑፍ ካልተስማሙ ስደተኛ (ሬፊውጂ) እንዳይሰፍርባቸው ሲያዝዙ፣ የዩታው ገዥ ጋሪ ኸርበርት ተጨማሪ ስደተኛ ላኩልን ብለው ጻፉ። በጥር 2020 አቦት አይሆንም ያሉ ብቸኛ ገዥ ሆኑ፤ ትእዛዙን ብዙም ሳይቆይ ፍርድ ቤት አገደው። ሁለቱም ገዥዎች አንድ ፓርቲ፣ ሁለቱም ሃይማኖተኞች ናቸው። ለዚህ ልዩነት እኔ የምሰጠው ምክንያት በዩታ ብዙ ተከታይ ያላት የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የራሷ የስደት ታሪክ ያላት መሆኑና፣ ዩታ የሜክሲኮ ድንበር የሌላት መሆኗ ነው። ሁለተኛው ቀላል አይደለም፤ በ2022 እና በ2023 የድንበር ከተሞች የተሸከሙትን ጫና ማንም በቅንነት ሊክደው አይገባም።

ከገዥው ይልቅ ዓይንዎን እንዲጥሉበት የምመክረው ዋና ዐቃቤ ሕጉ ላይ ነው። ላለፉት አሥር ዓመታት ክፍለ ግዛቶች የኢሚግሬሽን ፖሊሲን በአገር ደረጃ የለወጡት በሕግ ከማውጣት ይልቅ በክስ ነው። ቴክሳስ የመራችው ክስ ወረቀት የሌላቸውን ከመባረር የሚጠብቀውን የኦባማን ሰፊ መርሐ ግብር በ2016 አስቁሟል፤ በልጅነታቸው የመጡትን የሚጠብቀውም ደጋግሞ ቴክሳስ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ይህም መንገድ ወሰን አለው፦ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ክፍለ ግዛቶች ዋሽንግተን ማንን አስቀድማ እንደምታስር በክስ ማስገደድ እንደማይችሉ ወስኗል። ዲሞክራት ዐቃብያነ ሕግም በትራምፕ ላይ ያንኑ ስልት ይጠቀማሉ። የሆነው ሆኖ ይህ ወንበር በሥልጣኑ ልክ የሚወራለት አይደለም።

እንግዲህ ምክሬ የሚከተለው ነው። የወንጀል መዝገብ ወይም ረዘም ያለ የውጭ ቆይታ ከሌለብዎት የዜግነት ማመልከቻዎን አሁኑኑ ያስገቡ፤ ለዜግነት የሚጠየቀው አምስት ዓመት ከሞላዎት ቆይቷል፣ መጠበቅ የሚያስገኝልዎ ነገር የለም። መዝገብ ካለብዎት፣ ቢሰረዝም እንኳ፣ ጠበቃ ሳያይልዎ ቅጹን አይላኩ፤ ማመልከቻው ራሱ አሮጌ ፋይል ያስከፍታልና። ዜግነቱን ባገኙ ሳምንት የወንድምዎን ማመልከቻ ያስገቡ፤ የወረፋ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ከዚያ በኋላ በመራጭነት ይመዝገቡ። በክፍለ ግዛት ምርጫ ጊዜ ደግሞ «ኢሚግሬሽንን አስተካክላለሁ» የሚለውን ቃል ከሚዛን ያውጡት፤ ተናጋሪው የማስተካከል ሥልጣን የለውም። በእምነት፣ በግብርና በትምህርት ቤት ጉዳይ የሚስማሙትን ወግ አጥባቂ መምረጥ ከፈለጉ ይምረጡ፤ ከእነርሱ መካከል ግን ለመለየት በካውንቲው እስር ቤት፣ በኢ-ቬሪፋይና በስደተኞች አቀባበል ላይ ያለውን አቋም ይመርምሩ። ለኮንግረስ የሚወዳደረውን ደግሞ ስለ ዲቪና ስለ ወንድም ምድብ በግልጽ ይጠይቁት። በቴክሳስ የቅድመ ምርጫው በጥንድ ቁጥር ዓመት (እንደ 2024 ባለው) መጋቢት ላይ ሲሆን ለመሳተፍ የፓርቲ አባልነት አያስፈልግም። በብዙዎቹ ወረዳዎች ኅዳር ላይ የሚሆነው የሚወሰነውም ያን ጊዜ ነው።